በደብዳቤው ውስጥ ያለው ልቦለድ

«በደብዳቤሽ የነገርሽኝ ልቦለድና ያነበብኩት ልቦለድ አንድ አይደሉም።»

ይህን ያለችኝ ኒው ዮርክ ውስጥ የምትሠራ የሥነ ጽሑፍ ወኪል፣ ማለትም የደራሲያንን ረቂቅ ለአሳታሚዎች የምትሸጥ ሰው ናት። ልቦለዴን ያስተዋወቅኩበትን የአንድ ገጽ ደብዳቤ አይታ ሙሉ ረቂቄን ጠየቀች፤ ወራት ወስዳም አነበበችው። እንደ ብዙ የሙያ ባልደረቦቿ በሁለት መስመር ኢሜይል ልታሰናብተኝ ስትችል ስልክ ደወለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነበር የሰማኋት። ብዙ ነገር ተናገረች። ገጸ ባሕርያቱን ወድዳቸዋለች። ደሴን አይታ ባታውቅም ብርዷ ተሰምቷታል። መጀመሪያው ላይ መስተካከል አለበት የምትለውንም በዝርዝር ነገረችኝ። እኔ ግን ያ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው።

ደብዳቤው ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረም። የጻፍኩት ሁሉ በልቦለዱ ውስጥ አለ፤ ሰውየው አለ፣ ከተማው አለ፣ በደሉ አለ፣ ዘመኑ አለ። እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ ሳለ ድምሩ እንዴት ሌላ መጽሐፍ ይሆናል?

## አንድ ገጽ

አሜሪካ ውስጥ ልቦለድ ጽፎ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ዘንድ ለመድረስ የሚያልም ሰው በቀጥታ በራቸውን አያንኳኳም። ፔንግዊን ራንደም ሀውስ፣ ሃርፐርኮሊንስ፣ ሳይመን ኤንድ ሹስተር፣ አሼትና ማክሚላን በአብዛኛው ያለ ወኪል የመጣ ረቂቅ አይቀበሉም። ወደ ወኪሉ የሚያደርሰው ደግሞ ሦስት መቶ ቃል ገደማ ያለው ደብዳቤ ነው። ዋናው ሰው ማን ነው፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ያግደዋል፣ ካልተሳካለት ምን ያጣል? ቀጥሎ የልቦለዱ ዓይነትና የቃላቱ ብዛት፣ በቅርብ ዓመታት ከወጡ መጻሕፍት የትኞቹን እንደሚመስል፣ በመጨረሻም ስለ ደራሲው ሁለት ዓረፍተ ነገር። ብዙ ወኪሎች ከደብዳቤው ሥር የመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች እንዲለጠፉ ይጠይቃሉ፤ ተያይዞ የመጣ ፋይል አይከፍቱም።

ብዙ ጀማሪ ደራሲዎች ይህን ገጽ እንደ ውርደት ያዩታል። ዓመታት የፈጀ ሥራ በአንድ ገጽ ተጨምቆ ሲቀርብ ያንገበግባቸዋል። እኔን አላንገበገበኝም። ያደግኩት አንድ ገጽ በሚከበርበት ቤት ነው። አባቴ ደሴ ፍርድ ቤት ደጃፍ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። ጃንጥላቸውን ተክለው፣ የጽሕፈት መኪናቸውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ከጠዋት ጀምሮ ይቀመጣሉ። ከኩታበር፣ ከወረኢሉ፣ ከተሁለደሬ የመጣ ባለጉዳይ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ታሪኩን ከአያቱ ይጀምራል። ወሰን የገፋውን ጎረቤት፣ የተጣላበትን ሠርግ፣ የሞተውን በሬ ሳይቀር ያወራል። አባቴ አያቋርጡትም። ሲጨርስ ካርቦን ያለበትን ወረቀት ያስገቡና «አመልካች»፣ «ተጠሪ»፣ «ጉዳዩ» ብለው ይጀምራሉ። ያ ሁሉ ወሬ አንድ ገጽ ሆኖ ይወጣል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ማንበብና መጻፍ ላልቻለ ገበሬ የመናገሪያው መንገድ ያ ገጽ ብቻ ነበር። አባቴ ሰውን ሲያሳጥሩ እያየሁ ስላደግኩ ማሳጠርን እንደ ክህደት ቆጥሬው አላውቅም።

ስለዚህ ደብዳቤዬን የጻፍኩት በልበ ሙሉነት ነው። ልቦለዴም፣ በእንግሊዝኛ ብጽፈውም፣ የዚያው ደጃፍ ልጅ ነው። ዋናው ሰው ይመር የሚባል ራፖር ጸሐፊ ነው። ለወኪሎች የላክሁት አንቀጽ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦

«በ1960ዎቹ መጨረሻ ደሴ ውስጥ ለሰው ሁሉ አቤቱታ የሚጽፈው ይመር፣ አንድ ቀን በእጁ የወጣ ማመልከቻ ንጹሕ ሰው እንዳሳሰረ ይደርስበታል። አብዮቱ በከተማዋ ላይ ሲበረታ፣ እውነቱን ተናግሮ ራሱን ለአደጋ ከማጋለጥና ዝም ብሎ ከመኖር አንዱን መምረጥ አለበት።»

አንቀጹ ሠርቷል። በዚህ ሥራ ዝምታ የተለመደ ነው፤ ብዙ ወኪሎች «በዚህን ያህል ሳምንት ውስጥ መልስ ካልደረሳችሁ እንዳልተቀበልነው ቁጠሩት» ብለው አስቀድመው ያሳውቃሉ። የእኔ ደብዳቤ ግን ሙሉ ረቂቁን የሚጠይቁ ሰዎች አስገኘልኝ። የደወለችው ወኪል ከእነሱ አንዷ ናት።

## ስጠብቅ ቆየሁ

በልቦለዱ ውስጥ ይመር ያንን ማመልከቻ የሚያገኘው ከመጽሐፉ እኩሌታ አልፎ ነው። የካርቦን ቅጂዎቹን ሲያገላብጥ፣ ያለ ጩኸት፣ በአንድ ገጽ ተኩል። ከዚያ በፊት ያለው ባለጉዳዮቹ ናቸው። ስለ መሬት የሚከራከር ሽማግሌ አለ። ቀለብ የምትጠይቅ ልጅ እግር አለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ የጠፋ ልጇን ለመፈለግ በየሳምንቱ እየመጣች ያንኑ አቤቱታ እንደገና የምታስጽፍ እናት አለች። አንድ ከተማ እንዴት ቀስ በቀስ መናገር እንዳቆመ ለማሳየት የሞከርኩት በእነሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ባለጉዳዮች ከአያታቸው ይጀምራሉ፤ እየቆዩ ታሪካቸው ያጥራል፤ በመጨረሻ ስማቸውን ብቻ ተናግረው የሚቀመጡ ይመጣሉ።

ወኪሏ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ሁለት መቶ ገጽ ያንን ማመልከቻ ስጠብቅ ቆየሁ። ያንን ስጠብቅ ደግሞ ሌላውን በደንብ አላየሁትም።»

ይህን የተናገረችው እንደ ዋዛ ነው፤ ወዲያው ወደ ሌላ ነጥብ አለፈች። እኔ ግን ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ስለ ደብዳቤው የነበረኝ ግምት በር ያስከፍታል፣ ከዚያ ሥራውን ጨርሶ ይቀራል የሚል ነበር። ለእሷ ግን ደብዳቤው የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ሆኖ ነበር። ይመርን ገና ሳታገኘው ምን እንደሚደርስበት ታውቃለች። እናቲቱ ጠረጴዛው አጠገብ ስትቀመጥ፣ «ይህቺ ናት ሰውየውን ያሳሰረችው?» ብላ ነው የምታያት። እንዳልሆነች ስትረዳ ቸኩላ ታልፋታለች። ሽማግሌውንም እንዲሁ። በእኔ መጽሐፍ ውስጥ ሕይወት የሆኑት ሰዎች በእሷ ንባብ ማዘግያ ሆኑ። ያደረጋቸው ደግሞ የእኔው ሦስት መቶ ቃል ነው።

ደብዳቤ ስለ መጻፍ የሚሰጡትን ምክሮች ብዙ አንብቤአለሁ። ሁሉም የሚነግሩን ደብዳቤው ወኪሉን እንዴት እንደሚስብ ነው። ከተሳበ በኋላ ወኪሉ ረቂቁን በምን ዓይን እንደሚያነብ የሚነግር አላጋጠመኝም። ሙሉ ረቂቅ ተጠይቀው ቀጥሎ «በጣም ጥሩ ነው፣ ግን የጠበቅኩት አይደለም» የተባሉ ጓደኞች አሉኝ። ምዕራፍ ሲሰርዙ፣ ሲቀጥሉ ኖረዋል። ከመካከላቸው ስንቶቹ መንካት የነበረባቸው ያንን አንድ ገጽ ይሆን?

## ወኪሏ ምን ፈለገች?

ያቀረበችው ሐሳብ ግልጽ ነበር። እስሩ ወደ ምዕራፍ አንድ ይምጣ። ባለጉዳዮቹ በግማሽ ይቀነሱ። አብዮቱም ለማያውቀው አንባቢ ቀደም ብሎ ይብራራ። እንዲህ አድርጌ ብመልሰው እንደገና ታነበዋለች። ውል አልገባችልኝም፤ በዚህ ሙያ ግን ይህ ትልቅ ግብዣ ነው። ብዙዎች ያላገኙትን ዕድል ነው የሰጠችኝ፤ አሁንም አመሰግናታለሁ።

በእሷ ቦታ ሆኜ ሳየው ጥያቄዋ አግባብ አለው። ወኪል የሚከፈለው መጽሐፉ ሲሸጥ ብቻ ነው፤ በአገር ውስጥ ሽያጭ አሥራ አምስት፣ በውጭ አገርና በትርጉም መብት አብዛኛውን ጊዜ ሃያ በመቶ። ከዚያ በፊት የምታነበውን ሁሉ የምታነበው በነፃ ነው። የአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ ወኪሎች ማኅበርም አባላቱ የንባብ ክፍያ እንዳይጠይቁ ይከለክላል። እዚህ ላይ ጣልቃ ልግባና፣ ረቂቅ ለማንበብ ገንዘብ የሚጠይቅ «ወኪል» የገጠማችሁ ወገኖቼ ደብዳቤውን ዘግታችሁ ሂዱ፤ በአገራችን ልጆች ላይ ይህ ሲደርስ አይቻለሁ፤ ያናድደኛል።

ገዢዎቹም ጥቂት ናቸው። ፔንግዊን ራንደም ሀውስ ሳይመን ኤንድ ሹስተርን ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመግዛት ያደረገውን ሙከራ የአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 አግዷል። የመንግሥት ክርክር ተጫራች አሳታሚዎች ባነሱ ቁጥር ለደራሲ የሚሰጠው ቅድሚያ ክፍያ ይቀንሳል የሚል ነበር። ወኪሏ ረቂቄን ይዛ የምትሄደው ወደ እነዚህ ጥቂት በሮች ነው። እዚያም ያለው አርታኢ በተራው ለሽያጭ ክፍሉ በአንድ አንቀጽ ማስረዳት አለበት። የሽያጭ ክፍሉ ለመጻሕፍት መደብሩ ያስረዳል። አንድ ልቦለድ አንባቢ እጅ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ጊዜ በአንድ አንቀጽ ይነገራል። የእኔ አንቀጽ ደግሞ ለመንገር የሚመች ነበር። ስለዚህ መጽሐፉ አንቀጹን እንዲመስል ፈለገች።

እዚህ ድረስ ከእሷ ጋር ነኝ። የምለያት ቀጥሎ ባለው ነው፤ የተለየኋትም ያለችውን ጽፌ ካየሁት በኋላ ነው።

## አዲሱ ምዕራፍ

እስሩን ወደ ምዕራፍ አንድ አመጣሁት። ጥሩ ሆነ። ይህን በትክክል መናገር አለብኝ፤ ምዕራፉ ፈጣን ነው፣ ያስጨንቃል፣ ገጽ ያስገልጣል። ሌሎቹን ምዕራፎች ከእሱ ጋር ለማስማማት ስቀመጥ ግን ይመር ተለወጠብኝ። ምን እንዳደረገ ከመጀመሪያው ገጽ የሚያውቅ ሰው ባለጉዳይ ሲመጣበት በፊቱ ያለውን ሰው አይሰማም፤ የሚሰማው ራሱን ነው። እናቲቱ ስለ ልጇ ስትነግረው ስለ ራሱ ጥፋት ማሰብ ጀመረ። የእኔ ይመር ሰሚ ሰው ነበር። ሳያውቅ የሚሰማ ሰው። ያለማወቁን ስወስድበት ጆሮውንም ወሰድኩበት።

ያን ሰሞን አባቴ ዘንድ ደወልኩ። ሥራውን ከተዉ ቆይተዋል፤ ስለ ሥራው ሲጠየቁ ግን ደስ ይላቸዋል።

«አባባ፣ ያ ሁሉ ወሬ አንድ ገጽ ሲሆን የሚተዉትን በምን ነበር የሚለዩት?»

«ዳኛው የሚጠይቀውን አስቀድሜ እጽፋለሁ» አሉኝ። «የቀረውን ባለጉዳዩ ገብቶ ይናገረው።»

«ገብቶ የሚናገረው ከተጻፈው ጋር ባይገጥምስ?»

ትንሽ ዝም አሉ። «ይህማ ትልቅ ነገር ነው፣ ልጄ። ዳኛው የሚይዘው የተጻፈውን ነው። አንዳንድ ጊዜ ጽፌ ጨርሼ አነብለትና ባለጉዳዩ፣ "ሁሉም ልክ ነው፣ ግን የእኔ ጉዳይ ይህ አይደለም" ይለኛል። ቀድጄ እንደገና እጀምራለሁ።»

«ሁሉም ልክ ከሆነ ለምን ይቀዳሉ?»

«ከሥሩ ምን ብዬ ነው የማስፈርመው?»

የሚሉት ገብቶኛል። ለፍርድ ቤት የሚቀርብ አቤቱታ ሁሉ መጨረሻው ላይ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት የቀረበው እውነት መሆኑ ይረጋገጣል። ልጅ ሳለሁ ያንን መስመር አባቴ ሳያዩ ሲመቱት እሰማ ነበር፤ ጣታቸው ለምዶታል። የሚያስፈርሙት ሰው ብዙ ጊዜ በጣቱ ነበር የሚፈርመው። ማንበብ የማይችል ሰው «እውነት ነው» ብሎ የሚያረጋግጠው አባቴ በመረጡለት ቃል ነው። እንግዲህ አባቴ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እውነት ብለው የያዙት እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ልክ መሆኑን ብቻ አልነበረም። ወረቀቱ ሲነበብለት ሰውየው ጉዳዩን ማወቅ ነበረበት።

የእኔን አንቀጽ ለይመር ባነብለት ጉዳዩን አያውቀውም ነበር። «ይህ ሁሉ ደርሶብኛል፤ ግን የእኔ ነገር ይህ አይደለም» ይለኝ ነበር።

የወኪሏን ቃል እንደገና ሳስበው ሁለት ነገር አብሮ መጥቶ እንደነበር አየሁ። አንደኛው አንባቢ ሆና ያየችው ነው፤ ስትጠብቅ ቆየች፣ የምትጠብቀውም ዘገየ። ይህ በእሷ ላይ የደረሰ ነገር ስለሆነ ልከራከረው አልችልም። በእርግጥም የድሮው መጀመሪያዬ አንባቢ ምን እንዲከታተል እንደሚጋብዝ አይናገርም ነበር። ሁለተኛው ነጋዴ ሆና ያዘዘችው መፍትሔ ነው፤ እስሩን ወደ ፊት ማምጣት። የመጀመሪያውን ተቀብሎ ሁለተኛውን መተው ይቻላል። ሁለቱ በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ትንፋሽ ስለሚነገሩ ግን ጀማሪ ደራሲ ወይ ሁለቱንም ይውጣል፣ ወይ ሁለቱንም ይተፋል። ለሳምንታት ያስጨነቀኝ ይህን መለየቱ ነው።

እናቲቱን ወደ ምዕራፍ አንድ አመጣኋት። መጽሐፉ አሁን የሚጀምረው ያንኑ አቤቱታ ለማስጻፍ ተመልሳ ስትመጣ ነው። እስሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። የደብዳቤውን አንቀጽ ግን ከሥር ከመሠረቱ ለወጥኩት፦

«ደሴ ውስጥ አንዲት እናት የጠፋ ልጇን ለመፈለግ በየሳምንቱ ወደ ራፖር ጸሐፊው ይመር እየመጣች ያንኑ አቤቱታ ታስጽፋለች። አብዮቱ ከተማዋን ዝም ሲያሰኝ፣ ሰው ሁሉ እየፈራ ታሪኩን ሲያሳጥር፣ የእሷ አቤቱታ ብቻ በየሳምንቱ እየረዘመ ይሄዳል። ይመርም መጻፉን መቀጠል አለበት ወይም እንደ ሌላው ዝም ማለት።»

ይህንንና አዲሱን መጀመሪያ ለወኪሏ ላክሁ፤ እስሩን ለምን እንዳላንቀሳቀስኩም ጻፍኩላት። በአክብሮት መለሰችልኝ። የተሻለ መጽሐፍ ሆኗል ብላ ታምናለች፤ እንዴት እንደምትሸጠው ግን አይታያትም። መልሷ ሐቀኛ ነው። መሸጥ የማይታየው ወኪል ይዞኝ ዓመታት ከሚያልፉ አሁን ብትነግረኝ ይሻላል።

## አቻ መጻሕፍት

አዲሱ ደብዳቤ እንደ ድሮው ሙሉ ረቂቁን የሚጠይቅ ብዙ ሰው አያመጣም። ይህን ጠብቄው ነበር፤ አልከፋኝም። አስቸጋሪው ክፍል አሁን ሌላ ነው፤ ልቦለዱ የሚመስላቸውን መጻሕፍት የሚጠቅሰው መስመር። ወኪሎች የሚፈልጉት ባለፉት ጥቂት ዓመታት የወጣ ነው። የመአዛ መንግስቴ የመጀመሪያ ልቦለድ ስለዚያው አብዮት ነው፤ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ስለሆነ ለዚህ መስመር አርጅቷል። የዲናው መንግሥቱ የመጀመሪያ ልቦለድማ እ.ኤ.አ. የ2007 ነው። ለእኔ ልቦለድ የቅርብ ዘመድ የሆኑት ደግሞ በአማርኛ የተጻፉ ናቸው፤ ወኪሎቹ አያነቧቸውም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ዘመዶቼን ትቼ ከሩቅ አገር መጻሕፍት ጋር ስጠጋጋ ኖሬአለሁ፤ ያ መስመርም ቢሆን ለይመር ቢነበብለት የሚያውቀው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2025 የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ወጣ። በ1975 ዓ.ም. በአማርኛ ታትሞ ከገበያ የተሰበሰበ መጽሐፍ ዛሬ ለንደንና ኒው ዮርክ ውስጥ በመጻሕፍት መደብር ይሸጣል። ለብዙ አንባቢ ይህ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ነው። ለእኔ ከዚያ በተጨማሪ የሥራ ዕቃ ሆነ። የእኔ መጽሐፍ እንደ እሱ ፈጣን አይደለም፤ ጦር ሜዳም የለበትም። ነገር ግን መናገር በሚያስቀጣበት ዘመን ሥራው ቃል የሆነ ሰው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ያገናኘናል። አሁን በደብዳቤዬ ላይ በስሙ እጠቅሰዋለሁ፤ የምልከውም አስቀድሜ ለትርጉም ሥራ ለሚቆረቆሩ ወኪሎች ነው።

ከእነሱ አንዷ ረቂቁን አንብባ እየጨረሰች ነው። የጻፈችልኝ ስለ እስሩ አይደለም። ባለጉዳዮቹ ስንት እንደሆኑ ቆጥራ፣ ከመካከላቸው ሊወጡ የሚችሉ ይኖሩ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አሉ። ቀለብ የምትጠይቀዋ ልጅ እግርና የመሬቱ ሽማግሌ አንድ ምዕራፍ ሊጋሩ ይችላሉ፤ የቡና ነጋዴው ጨርሶ ቢወጣ መጽሐፉ አይጎዳም። ስማቸውን ብቻ ተናግረው ዝም የሚሉት ግን አንዳቸውም አይወጡም። ለምን እንደማይወጡም በየገጹ ቁጥር አስረድቼ ትናንት ማታ ላክሁላት።